የዛሬው ጎሞር፦ ልጆቻቸውን በቤት ለሚያስተምሩ ክርስቲያን ወላጆች የዕለት ተዕለት መታደስ መመሪያ

ልጆቹን በቤቱ የሚያስተምር ወላጅ ከሥራው የሚያሳርፈው ደወል የለውም። በትምህርት ቤት የሚያስተምር ሰው ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ጠመኔውን አስቀምጦ ወደ መምህራን ማረፊያ ይገባል፤ ማታም ተማሪዎቹን ለወላጆቻቸው አስረክቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በቤት ግን አስተማሪውም፣ ምግብ አብሳዩም፣ የተጣላን አስታራቂውም፣ ሌሊት ለታመመ ልጅ የሚነሣውም ያው አንድ ሰው ነው። በዚህ ላይ ክርስቲያን ወላጅ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርቱንም ራሱ ስለሚሰጥ፣ ቀኑን ሙሉ ስለ እግዚአብሔር ሲናገር ውሎ ማታ ነፍሱን ደርቃ ሊያገኛት ይችላል። ድርቀቱ ግራ የሚያጋባው ከውጭ ሲታይ ቤቱ በቃሉ የተሞላ ስለሚመስል ነው፤ ጠዋት መዝሙር ተዘምሯል፣ ጥቅስ በቃል ተይዟል፣ የዮሴፍ ታሪክ ተተርኳል።

እኔ ይህን ድርቀት ለረጅም ጊዜ የስንፍናዬ ውጤት አድርጌ እቈጥረው ነበር፤ መፍትሔውም ይበልጥ ማልዶ መነሣትና ይበልጥ ብዙ ማንበብ ይመስለኝ ነበር። ኋላ ላይ የገባኝ ግን ለልጆች የሚዘጋጅ ትምህርት ለወላጁ ነፍስ ምግብ ሆኖ እንደማይቈጠር ነው። ለሌላው ሲያበስል እየቀመሰ የዋለ ሰው ምሳውን በላ አይባልም። በዘጸአት ምዕራፍ 16 ላይ ለእስራኤላውያን በምድረ በዳ መና የተሰጠው በነፍስ ወከፍ አንድ ጎሞር (የመስፈሪያ ስም ነው)፣ በየማለዳው፣ ለዚያው ቀን ብቻ ነበር፤ ለነገ ብሎ ያሳደረው ሰው መናው ተልቶና ሸቶ አገኘው። ብዙ የለቀመ አልተረፈውም፤ ጥቂት የለቀመም አልጐደለበትም። ከዚህ በታች ያሉት እርምጃዎች የቆሙት በዚህ ልክ ላይ ነው፤ የወላጁ ድርሻ ትንሽ ቢሆንም የራሱና የዛሬ መሆን አለበት። ሁሉንም በአንድ ሳምንት ለመጀመር አይሞክሩ፤ ስለ ቅደም ተከተላቸው መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

1. ምንም ሳይቀይሩ ሦስት ቀን ይመዝግቡ

አብዛኛው ሰው መታደስን የሚጀምረው አዲስ ዕቅድ በማውጣት ነው። እኔ ግን በመታዘብ እንዲጀምሩ እመክራለሁ። ትንሽ ደብተር ይውሰዱና ገጹን በመስመር ለሁለት ይክፈሉት፤ በግራ በኩል ሰዓቱን፣ በቀኝ በኩል የሆነውን ነገር ይጻፉ። የሚመዘገቡት ሁለት ዓይነት ጊዜያት ብቻ ናቸው፦ ድምፅዎ ከፍ ያለበት ወይም ልብዎ ከልጆቹ የሸሸበት ጊዜ፣ እንዲሁም ሳያስቡት ልብዎ የቀለለበት ጊዜ። በሦስቱ ቀናት ውስጥ ራስዎን ለማሻሻል አይጣሩ፤ እንግዳ እንደሚጠብቅ ቤት ሁሉን ነገር ማሳመር ከጀመሩ መዝገቡ እውነቱን አያሳይዎትም።

የእኔ መዝገብ ያሳየኝን ልናገር። የማለዳው ጸሎቴ አጭርም ቢሆን እስከ ረፋዱ ድረስ ይዞኝ ይቆይ ነበር። ቍጣዬ የተመዘገበው በሦስቱም ቀን ከምሳ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ፣ በሒሳብ ትምህርት ላይ ነበር። ሁሉም ሰው በራበው፣ ትንሹ ልጅ መነጫነጭ በጀመረበት፣ ምሳውም ባልደረሰበት ሰዓት ረጅም ማካፈል አስተምር ነበር። ከዚያ የበለጠ ማልጄ ብነሣ ምንም እንደማይፈይድልኝ የተረዳሁት ያኔ ነው፤ ጉድለቱ የነበረው ማለዳ ላይ ሳይሆን ቀኑ መካከል ላይ ነበር። የእርስዎ ክፉ ሰዓት ምናልባት ልጆቹ ከእንቅልፍ የሚነሡበት ወይም የሚተኙበት ሰዓት ይሆናል። ልብዎ የቀለለበትንም ጊዜ ችላ አይበሉ። አንዱን ወላጅ ለልጆቹ ጮክ ብሎ ማንበብ ያሳርፈዋል፣ ሌላውን ከቤት ወጥቶ አብሮ መራመድ፣ ሌላውን አብሮ መዘመር። እንዲህ ያለው መስመር እግዚአብሔር አስቀድሞ ያዘጋጀልዎ ምንጭ የት እንዳለ ይጠቍማል።

2. የራስዎን ንባብ ከልጆቹ ትምህርት ይለዩ

ዘዳግም ምዕራፍ 6 ወላጆች ልጆቻቸውን ስለሚያስተምሩበት ቃል ሲናገር ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ «በልብህ ያዝ» ይላል፤ «ለልጆችህም አስተምረው» የሚለው ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። በቤት የምናስተምር ሰዎች አዘውትረን የምንስተው ይህን ቅደም ተከተል ነው፤ መጽሐፉን የምንከፍተው ነገ የሚሰጠውን ትምህርት ለማዘጋጀት ይሆንና ቃሉ እኛን ሳያርሰን በእኛ በኩል አልፎ ወደ ልጆቹ ይፈሳል።

ስለዚህ ልጆቹ ዘፍጥረትን የሚማሩ ከሆነ እርስዎ ሌላ መጽሐፍ ያንብቡ። ከተቻለ የሚያነቡበት ቅጂም ለትምህርት ከሚጠቀሙበት የተለየ ይሁን፤ በትምህርቱ ቅጂ ጠርዝ ላይ የጻፏቸው ማስታወሻዎች ሁልጊዜ ወደ አስተማሪነት ይመልስዎታል። በንባብ መካከል «ይህችን ለልጆቹ እነግራቸዋለሁ» የሚል ሐሳብ መምጣቱ አይቀርም። ሐሳቡን ከመታገል ይልቅ አጠገብዎ ባለ ቍራጭ ወረቀት ላይ በሁለት በሦስት ቃል ጽፈው ያስቀምጡትና «እኔንስ ምን ይለኛል?» ብለው ወደ ክፍሉ ይመለሱ። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወረቀቱ በየቀኑ ይሞላል። የእኔ ወረቀት ባዶውን መዋል የጀመረው ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ ሲጀምርም ደስ ብሎኝ ነበር ማለት አልችልም፤ ቃሉ ወደ ልጆቹ ማለፉን ትቶ እኔ ላይ ቆሞ ነበርና።

መጠኑን በተመለከተ ቀን የተቈረጠለትን የንባብ ዕቅድ አልመክርም። ሕፃን ሦስት ቀን ሲታመም ሦስት ቀን ይዘለላል፤ በአራተኛው ቀን ዕቅዱ የአራት ቀን ዕዳ ይዞ ይጠብቃል፤ ውዝፍ ያለበት ሰው ደግሞ መጽሐፉን ማየት ይጠላል። መና ውዝፍ አልነበረውም። ዕልባት ባለበት ቦታ የሚቀጥል፣ ቀን የማይቈጥር ንባብ ይሻላል። ለምሳሌ መዝሙረ ዳዊት 150 ምዕራፎች አሉት፤ ጊዜ ያለው ሰው በቀን አምስት ቢያነብ በ30 ቀን ይጨርሰዋል፣ አራስ ልጅ ያላት እናት ግን አንዱን ብቻ ታንብብ። በጣም ለደከመ ሰው ሁለት ክፍሎችን እጠቍማለሁ። አንዱ ከመዝሙር 120 እስከ 134 ያሉት 15ቱ የመዓርግ መዝሙሮች ናቸው፤ አብዛኞቹ አጫጭር ናቸው። ሌላው መዝሙር 119 ነው፤ 176 ቍጥሮቹ ስምንት ስምንት ቍጥር ባላቸው 22 ክፍሎች የተከፈሉ ስለሆኑ አንዱን ክፍል ለአንድ ቀን መያዝ ይቻላል። መጽሐፈ ምሳሌ 31 ምዕራፎች ስላሉት ለአንድ ወር የሚስማማ ቢሆንም፣ ምክሩ ሁሉ ወደ ልጆቹ የሚያመለክት ስለሚመስለን ለዚህ ዓላማ የመጀመሪያ ምርጫዬ አይደለም።

3. የመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች

ማለዳ የሚዘጋጀው በዋዜማው ማታ ነው። ከመተኛትዎ በፊት መጽሐፍ ቅዱስዎን በሚቀመጡበት ቦታ፣ በሚያነቡት ገጽ ላይ ከፍተው ያስቀምጡ፤ መነጽር የሚያደርጉ ከሆነ በላዩ ላይ ያኑሩት፤ ስልክዎን ሌላ ክፍል ያሳድሩት። ጥቃቅን ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን በእንቅልፍ ልብ መነጽሩን ሊፈልግ የገባ ሰው ስልኩን ይዞ እንደሚወጣ በራሴ አይቻለሁ።

ሲቀመጡ መጀመሪያ ሁለት ደቂቃ ያህል ዝም ይበሉ። ቀጥሎ ክፍሉን ለራስዎ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ያንብቡ፤ ዓይን የሚዘለውን ጆሮ አይዘለውም። ከዚያ አንዱን ቍጥር በእጅዎ ጽፈው በኪስዎ ይያዙ ወይም በቀን ውስጥ አዘውትረው በሚቆሙበት ቦታ ይለጥፉት። በቀረው ጊዜ ይጸልዩ፤ የጸሎት መጽሐፍ ያለው በመጽሐፉ፣ በራሱ ቃል የሚጸልይም በራሱ ቃል። ለልጆችዎ በየስማቸው ሲጸልዩ ስለ ጠባያቸው ብቻ አይለምኑ። «ጌታ ሆይ፣ ዛሬ እንዳይረብሽ አድርግልኝ» የሚለው ጸሎት ከልጁ ይልቅ ስለ እኛ ምቾት የሚጨነቅ ነው። ልጁ ስለሚፈራው ነገር፣ ስለሚወደው ነገር፣ ስለ ጓደኞቹ ቢጸልዩ ከሁለት ሰዓት በኋላ ጠረጴዛው ላይ ሲገናኙ ፊቱን የሚያዩበት ዓይን የተለየ ይሆናል።

ልጅ ነቅቶ ቢመጣስ? በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ላይ ጌታችን ገና ሌሊት ሳለ ተነሥቶ ለብቻው ሊጸልይ ወጣ፤ ስምዖንና ከእርሱ ጋር የነበሩት ግን ተከትለውት አገኙትና ሁሉም ይፈልጉሃል አሉት። እርሱም ተነሥቶ አብሯቸው ወደ ሥራው ሄደ። ጸሎትዎ መቋረጡ እርስዎን ብቻ የገጠመ ጕድለት አይደለም። የነቃውን ልጅ ከማባረር ይልቅ አጠገብዎ አስቀምጠው፣ መጽሐፉ እስኪዘጋ ድረስ መናገር እንደማይፈቀድ ያስተምሩት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሁለት ደቂቃ በላይ አይታገሥም፤ ቀስ በቀስ ግን ይለምደዋል፤ እናቱን ወይም አባቱን ሲጸልዩ እያየ ማደጉም በየትኛውም መጽሐፍ የማይሰጥ ትምህርት ነው።

ሌሊቱን ሕፃን ሲያጠቡ ለሚያድሩ እናቶች ማለዳ መነሣት ሕግ አይደለም። ዳንኤል በቀን ሦስት ጊዜ ይጸልይ ነበር፤ መዝሙር 55 ማታን፣ ጠዋትንና ቀትርን ይጠቅሳል። ሕፃኑን እያጠቡ በድምፅ የተቀዳ መጽሐፍ ቅዱስ መስማት ሙሉ ጎሞር ነው፤ ግማሽ አይደለም።

4. ቀኑን መካከሉ ላይ ይያዙት

መዝገብዎ ክፉ ሰዓትዎን ካሳየዎት፣ ጸሎት የሚያስፈልገው ከዚያ ሰዓት ቀደም ብሎ ነው። ቍጣው ከመጣ በኋላ የሚጀመር ጸሎት ብዙ ጊዜ ጸጸት ይሆናል።

አጭር ጸሎትን ከአንድ የእጅ ሥራ ጋር ማሰር ውጤታማ ነው። እርሳስ ሲቀርጹ፣ እጅ ሲታጠቡ፣ የአንዱን ትምህርት ደብተር ዘግተው የሌላውን ከመክፈትዎ በፊት አንዲት ዐረፍተ ነገር ይጸልዩ፤ ማለዳ የጻፉት ቍጥር እዚህ ላይ ይጠቅማል። ነህምያ የንጉሡ የአርጤክስስ ጠጅ አሳላፊ ነበር፤ ንጉሡ ምን እንደሚለምን ሲጠይቀው በጥያቄውና በመልሱ መካከል ወደ ሰማይ አምላክ ጸለየ። ያ ጸሎት ከአንድ ትንፋሽ ሊረዝም አይችልም፤ ንጉሥ መልስ እየጠበቀ ነበርና። ልጅ «እማዬ፣ አልገባኝም» ብሎ ለአምስተኛ ጊዜ ሲጠይቅም ያለው ጊዜ ያችው አንድ ትንፋሽ ናት። ወንድም ሎረንስ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1691 ያረፈ ፈረንሳዊ ገዳማዊም ይህንኑ የተማረው ፓሪስ በሚገኘው ገዳሙ ወጥ ቤት ውስጥ ነበር። በተፈጥሮው የወጥ ቤት ሥራ የማይወድ ሰው ነበር፤ ሆኖም ለዓመታት በድስትና በሳሕን መካከል ሆኖ ከእግዚአብሔር ጋር መነጋገርን ተለማመደ። የማይወዱትን የትምህርት ዓይነት ማስተማር ግድ ለሆነብዎ ለእርስዎ ከእርሱ የቀረበ አርአያ አላውቅም።

ከአጫጭሮቹ ጸሎቶች ሌላ ከምሳ በኋላ አንድ የጸጥታ ሰዓት ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ልጅ በየራሱ ቦታ መጽሐፍ ወይም ድምፅ የማያወጣ መጫወቻ ይዞ ይቀመጣል፤ ትንንሾቹ ይተኛሉ። ያልለመዱ ልጆችን በአንድ ቀን አንድ ሰዓት ዝም ማሰኘት አይቻልም፤ በ10 ደቂቃ ይጀምሩ፣ በየሁለት ሦስት ቀኑ አምስት አምስት ደቂቃ ይጨምሩ፣ ማብቂያውን እርስዎ ሳይሆኑ ሰዓት ደዋዩ እንዲነግራቸው ያድርጉ። እዚህ ላይ የሚፈትነው ልጆቹን ዝም ማሰኘቱ ሳይሆን ራስን ማስቀመጡ ነው። ቤቱ ዝም ሲል ያልታጠበው ዕቃ ይጮኻል። የመጀመሪያዎቹን 20 ደቂቃዎች ለዕቃው አይስጡ፤ ያንብቡ፣ ይጸልዩ፣ ወይም ዓይንዎን ጨፍነው ይረፉ። የተረፈው ጊዜ ለዕቃው ይበቃል፤ ባይበቃም እንኳ ዕቃው አይሸሽም።

5. ሲሳሳቱ ይቅርታ የሚጠይቁበት መንገድ

አንድ ቀን ልጄ ያንኑ የማካፈል ጥያቄ አራት ጊዜ ሠርቶ አራት ጊዜ ሳተው። ላጲሱን ደጋግሞ ከማሸቱ የተነሣ ወረቀቱ መካከሉ ላይ ተበሳ፤ በቀዳዳው በኩል ጠረጴዛው ይታይ ነበር። እኔም እርሳሱን ከእጁ ነጥቄ፣ ዛሬ ስጽፈው እንኳ የሚያሳፍረኝን ቃል ተናገርሁ። እርሱ አላለቀሰም። በጣቱ የቀዳዳውን ጠርዝ አንድ በአንድ ለመግጠም ይሞክር ጀመር። በዚያው ጠዋት የሸመደድነው ጥቅስ ስለ ትዕግሥት ነበር።

በቆላስይስ ምዕራፍ 3 ላይ አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያበሳጩ የታዘዙት ልባቸው እንዳይዝል ነው። የዛለ ልብ ምን እንደሚመስል ያየሁት በዚያች ጣት ላይ ነው። እንዲህ ባለው ጊዜ የወላጁን ነፍስ የሚያደርቃት ስሕተቱ ብቻ አይደለም፤ ስሕተቱን ሸፍኖ ወደ ቀጣዩ ትምህርት ማለፉም ጭምር ነው፤ ከዚያ በኋላ ማታ ለመጸለይ ሲንበረከኩ ቃል ይጠፋል። ስለዚህ ትምህርቱን ያቁሙ። ዝቅ ብለው ከልጁ ዓይን ትክክል ይሁኑ። ያደረጉትን በስሙ ይጥሩት፦ «ጮኼብሃለሁ፤ እርሳስህንም ነጥቄሃለሁ፤ በድያለሁ፤ ይቅር በለኝ።» ከዚህ በኋላ «ግን አንተም...» የሚለውን አይጨምሩ፤ ያች አንዲት «ግን» ይቅርታውን መልሳ ክስ ታደርገዋለች። የልጁ ጥፋት ካለ ከሰዓት በኋላ ለብቻው ይታያል። ከዚያም በልጁ ፊት አጭር የንስሐ ጸሎት ይጸልዩ፤ ወላጁ ራሱ ምሕረት የሚለምን ሰው መሆኑን ልጁ በጆሮው ይስማ። እንደ ሥርዓታችሁ ለንስሐ አባት ወይም ለመንፈሳዊ መሪ የሚነገር ከሆነም ለሚቀጥለው ጊዜ ይያዙት። ኤፌሶን ምዕራፍ 4 በቍጣችሁ ላይ ፀሐይ አይግባ ይላል፤ በቤት ለሚያስተምር ሰው ግን ፀሐይ እስክትገባ መጠበቁም ይረዝማል፣ ምሳ ሳይቀርብ ቢያልቅ ይሻላል።

6. ሰውነትዎን ከመንፈሳዊነት ውጭ አያድርጉት

ኤልያስ በአንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 19 ላይ ሞቱን ለምኖ ከዛፍ ሥር ሲተኛ የመጣለት መልአክ አልገሠጸውም፤ እንዲበላ ቀሰቀሰው። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶም ተኛ። ሁለተኛም ቀስቅሶ መንገዱ ሩቅ ስለሆነ እንዲበላ ነገረው። ወደ ኮሬብ ተጕዞ እግዚአብሔርን የሰማው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። መንፈሳዊ ድርቀት ከምንለው ውስጥ ብዙው የእንቅልፍ እጦት ነው የሚል እምነት አለኝ፤ ሌሊቱን የነገ ትምህርት ሲያዘጋጅ አምሽቶ በአራት ሰዓት እንቅልፍ ለጸሎት የሚነሣ ሰው ራሱን በመንፈሳዊ ቃል እየገረፈ የሚጠይቀው ሥጋው የማይችለውን ነው። ዝግጅትዎን ቀንሰው ቀድመው ይተኙ። ኀዘኑ ወይም ተስፋ መቍረጡ ለሳምንታት ከቀጠለ፣ በተለይም ከወሊድ በኋላ ከሆነ፣ ሐኪም ማየት የእምነት ጕድለት አይደለም።

7. አንድ ልጅ፣ አንድ ማታ

ሱዛና ዌስሊ (እ.ኤ.አ. 1669–1742) በእንግሊዝ አገር በኤፕዎርዝ ልጆቿን በቤቷ ያስተማረች እናት ናት። ከወለደቻቸው 19 ልጆች ለዐቅመ አዳምና ሔዋን የበቁት 10 ነበሩ። ለእያንዳንዱ ልጅ በሳምንት አንድ ማታ ለይታ ስለ ነፍሱ ለብቻው ታነጋግረው ነበር፤ ኋላ ታዋቂ ሰባኪ የሆነው የጆን ተራ ሐሙስ ነበር፤ ካደገም በኋላ ያንን የሐሙስ ማታ ጊዜ እየናፈቀ ለእናቱ ጽፎላታል። የእርሷን ታሪክ የምጠቅሰው እንዲቀኑባት አይደለም፤ በቤቷ ሠራተኞች ነበሩ፣ ሕይወቷም ብዙ መከራ የሞላበት ነበር፤ ራስን ከእርሷ ጋር እያመዛዘኑ መተከዝ ዋጋ የለውም። ሊወሰድ የሚገባው ልማዱ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ከአንድ ልጅ ጋር፣ ደብተርና እርማት በሌለበት፣ 20 ደቂቃ ይቀመጡ።

ይህ ለልጁ ብቻ የታሰበ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ልጁን የምናየው ስሕተቱን እየፈለግን ስለሆነ በተማሪነቱ እንሰለቸዋለን፤ በልጅነቱ ግን ገና አልጠገብነውም። ዘዳግም ምዕራፍ 6 ላይ ቃሉን በቤት ሲቀመጡ፣ በመንገድ ሲሄዱ፣ ሲተኙና ሲነሡ እንዲናገሩት የታዘዘበትን ቦታ የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ «ተጫወተው» ብሎ ተርጕሞታል። የአማርኛ አንባቢ የታደለበት ቃል ነው፤ ጨዋታ ወግም ነውና፣ ልብ ለልብ መነጋገርም ነውና። ጥያቄና መልስ ባለበት ትምህርት ውስጥ ያልታየኝን የልጄን ጸሎት የሰማሁት በእንዲህ ያለው ጨዋታ መካከል ነው።

8. ሌላ እጅ ይፈልጉ

አማቱ ዮቶር ሙሴን ከጠዋት እስከ ማታ ለሕዝብ ሲፈርድ አይቶ፣ ነገሩ ከአቅምህ በላይ ነው፣ ብቻህን አትችለውም አለው። ለትዳር ጓደኛዎ «ደክሞኛል» ብቻ ብለው አይለፉ፤ የሚፈልጉትን ቀንና ሰዓት ለይተው ይንገሩ፦ «በሳምንት አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልጆቹን ያዝልኝ፤ ለብቻዬ ልጸልይ።» ብቻውን የሚያሳድግ ወላጅ በቤቱ ከሚያስተምር ሌላ ቤተሰብ ጋር ተራ ሊገባ ይችላል።

አንድ ነገር ግን ጠንከር አድርጌ እላለሁ። በሳምንቱ ሙሉ የሚያስተምር ወላጅ በአምልኮ ቀንም የልጆች አስተማሪ እንዲሆን ይጠየቃል፤ ልምድ አለውና። እንዲህ ሲሆን በሰባቱም ቀን የሚናገር እንጂ አንድም ቀን የሚሰማ ሰው አይሆንም። ቢያንስ ለአንድ ዓመት «አሁን አልችልም» ብለው ተቀምጠው ይስሙ። ቅር የሚላቸው ይኖራሉ።

9. ዕረፍቱን በስድስተኛው ቀን ያዘጋጁ

መና በስድስተኛው ቀን ዕጥፍ ይለቀም ነበር፤ የሰባተኛው ቀን ዕረፍት የተቻለው ስለዚህ ነው። ዕርማቱን፣ የሚቀጥለውን ሳምንት ዕቅድ፣ የሚታተመውን ወረቀት ሁሉ በዋዜማው ይጨርሱ፤ መጻሕፍቱንም ከዓይን በሚሰወር ቦታ ይክተቱ። በዕረፍቱ ቀን ስለ ትምህርት አለመናገር ከባድ እንደሆነ የሚያውቀው የሞከረው ብቻ ነው።

10. ማታ ቀኑን ይዝጉ

ይህ አጭር ይሁን። ከመተኛትዎ በፊት በደብተርዎ ላይ አንድ መስመር ይጻፉ፦ ዛሬ እግዚአብሔር የረዳኝ የት ነበር? ያልተጠናቀቀውን ትምህርት ለነገ ያሳድሩት፤ ልጆቹ በተኙበት ክፍል በር ላይ ቆመው በየስማቸው ይባርኳቸው፤ መጽሐፉን ከፍተው ያስቀምጡ፤ ይተኙ።

ስለ ቅደም ተከተሉ

በመጀመሪያው ሳምንት ምዝገባውን ብቻ ያከናውኑ። በሁለተኛው ሳምንት የ15 ደቂቃውን ልማድና የማታውን አንድ መስመር ይጨምሩ፤ እነዚህ ሳይጸኑ ወደ ሌላው አይለፉ። የጸጥታው ሰዓት በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ይግባ። የቀሩት እንደ ቤትዎ ሁኔታ በየተራ ይምጡ። ይቅርታ መጠየቅ ግን ተራ አይጠብቅም፣ ዛሬ ያስፈልጋል። ቀናት ቢያመልጡዎት የጐደለውን ለማካካስ ሳይሞክሩ ዕልባቱ ካለበት ይቀጥሉ። ጸሎት ፈጽሞ እምቢ ባለ ጊዜ አቡነ ዘበሰማያትን በእያንዳንዱ ልመና ላይ እየቆሙ በዝግታ ይጸልዩ፤ ለዕለቱ የሚሆን እንጀራ የሚለመነው እዚያው ውስጥ ነው።

ከሁለት ወር በኋላ የሦስቱን ቀን ምዝገባ ይድገሙት። እኔ ስደግመው ያ ከምሳ በፊት ያለው ሰዓት አሁንም ከሁሉ የከፋው ሆኖ ተገኘ፤ ሆኖም በሦስት ቀን ውስጥ ድምፄ ከፍ ያለው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ እርሱም ይቅርታ ተጠይቆበት ነበር። ደብተሩን ለባለቤቴ ሳሳየው ረጋ ብሎ ገጹን ተመለከተና ሒሳቡን ለምን ጠዋት ላይ እንደማላስተምር ጠየቀኝ። በማግሥቱ አዛወርሁት።